ሰሊማ እስኪነጋላት

ጀፕስታውን፣ ጆሃንስበርግ
ታኅሣሥ 28 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሰብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ተነሥ እንጂ፤ የሱቅ መክፈቻ ሰዓት አልፏል። ስልክህን ከቻርጀሩ ነቅዬ ይዤዋለሁ፣ እንዳትቆጣ። መልእክት በዝቶብሃል። ሁሉም ከእህታችን ከሰሊማ ነው።

ከቀብርህ ወዲህ ጋሽ ሸረፈዲን ፍራሽ አንጥፈው አብረውኝ ሲያድሩ ሰነበቱ። ትናንት ግን እሳቸውም ማሳል ጀመሩና «አንተንም እንዳላስይዝህ» ብለው ሜይፌር ወደ ቤታቸው ሄዱ። ስለዚህ ዛሬ ብቻዬን ነኝ።

ተናድጄብሃለሁ። ለሞተ ሰው እንዲህ አይባልም ይሉኛል፤ ግን «በሆድህ አትያዝ» ያልከኝ አንተ ነህ። የኮሮናው ሳል እንቅልፍ ነስቶህ፣ ደረጃውን ስትወጣ መሐል ላይ እየተቀመጥክ፣ እንደዚያ ሆነህ እንኳን ስልኩን አፍህ ላይ አስጠግተህ ከሰሊማ ጋር ስለ አሜሪካዋ ጆርጂያ ምርጫ ትከራከር ነበር። እኔ ሻይህን ይዤ አጠገብህ ቆሜ ነበር። ያንን ትንፋሽ ለምን አላስቀመጥከውም?

እህታችን አትላንታ ዜግነት ካገኘች ጀምሮ የዴሞክራቶቹ ሰው ናት። በዚያው ፓርቲ ውስጥ ግን ከግራ ዘመሞቹ ወገን ነበረች፤ የደከመችለት ሰው በውስጥ ምርጫ በለዘብተኞቹ ሲሸነፍባት አኮረፈች። በጥቅምቱ ምርጫ ከቤቷ አልወጣችም። ራኒያ፣ የልብ ጓደኛዋ፣ የለዘብተኞቹን የቅስቀሳ ወረቀት ይዛ ስታንኳኳባት በሩን ዘጋችባት። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም።

«ሲያሸንፉ አያውቁንም፤ ሲሸነፉ ጥፋቱ የእኛ ነው» ትልህ ነበር።

«እኔስ ባለሱቁን ጎረቤቴን ዱካሞን የምወደው ይመስልሻል?» አልካት አንተ። «የሕንፃችንን ነጋዴዎች ሰብሳቢ የመረጥን ቀን ያልሰደበኝ ስድብ የለም። ሌባ የብረት በሩን ሲነቀንቅ ግን አብሬው ነው የምሮጠው። አኩርፌ ብተኛ የሚዘረፈው የሱ ሱቅ ብቻ ነው?»

«አንተ በሱቅህ ለካኸው። እኔ የምለካው በሕሊናዬ ነው።»

«ሕሊናሽ የወንድማችንን የፈሪድን የአሜሪካ ፋይል ያንቀሳቅሰዋል?»

ይቺ አሁንም ትቆጠቁጠኛለች። ወደ እሷ የምንሄድበት ጉዳይ የቆመው ዋሽንግተን በሩን ስላጠበበ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እኔን እንደ ድንጋይ አንስተህ ወረወርክባት። ከዚያ በኋላ ሳቋ ጠፋ። የመጨረሻ መልእክትህም «እኔ የማውቀው ሰልፍ የመኖሪያ ወረቀት ማደሻውን ብቻ ነው። አንቺ የምርጫ ሰልፍ አለሽ። ለሴኔቱ ድጋሚ ምርጫ ሄደሽ ቁሚ፤ ከዚያ አኩርፊኝ» የሚል ነበር። በማግስቱ ሆስፒታል ገባህ።

ሁለታችሁም እውነት ነበራችሁ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አንዳችሁ ብትዋሹ ኖሮ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።

እሷ እስካሁን መርዶህን አልሰማችም። ጋሽ ሸረፈዲን «መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻዋን ናት፤ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ሲነጋ ሰው ሰብሰብ ብሎ ይሄድላታል» አሉ። እስከዚያው «ኦክስጅን ላይ ነው፣ ማውራት አይችልም» በላት አሉኝ። አልኳት። አትላንታ ያሉት የአገራችን ሰዎች ግን በኮሮና ምክንያት ሰው ቤት አንገባም አሉ። አንዱማ «መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ልንገራት?» አለ። ጋሽ ሸረፈዲን ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበት።

ዛሬ ስነቃ አዲስ የድምፅ መልእክት ገብቶ አገኘሁ። ከፈትኩት።

«ሙሴ፣ ይኸው ቆምኩልህ። ብርዱ አጥንቴ ገባ። ሰዎቹን አልወደድኳቸውም፣ ግን መረጥኳቸው። ራኒያን ሰልፉ ላይ አየኋት። ሰላም አላልኳትም፤ ያን ያህል አትጠብቅብኝ። በል አሁን ታረቀኝ።»

መልእክቱ ሲሰማ ምልክቱ ሰማያዊ እንደሚሆን፣ እሷም ያንን እንደምታይ ዘንግቼው ነበር። ወዲያው ጻፈች። «ሰማኸኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሎሃል ማለት ነው። ውጤቱን እያየሁ ነው፣ አልተኛሁም። አንድ ቃል በለኝ።»

ስልኩን ፍራሹ ላይ ጣልኩት። መልሼ አነሳሁትና የራኒያን ቁጥር ፈለግኩ። አትላንታ ገና ሌሊት ነው፤ እሷም ሌሊት መጋዘን ውስጥ ስለምትሠራ አነሳችው።

«ሙሰብ?» አለች።

«ፈሪድ ነኝ።»

በስልክህ የኔን ድምፅ ስትሰማ ገባትና «ኢና ሊላሂ» አለች። ከዚያ «ሰሊማ ታውቃለች?» አለችኝ።

«አታውቅም። የሚሄድላት ጠፋ።»

«እኔ ብሄድ በሩን ትዘጋብኛለች፣ ፈሪድ።»

«አንኳኪያ። በር ማንኳኳት ላንቺ ብርቅ ነው?»

እያለቀሰች ሳቀች። «የተጣላነው በምርጫ ነው» አለች። «በሞት አልተጣላንም። ከሥራ ስወጣ ከመስጊዳችን ሁለት ሴቶች ይዤ እሄዳለሁ። እስኪነጋ ግን ብትደውልም ስልኩን እንዳታነሳ። ድምፅህን ከሰማች ታውቃለች።»

ከዚያ ወርጄ ሱቁን ከፈትኩ። ቁልፉ አስቸገረኝ፤ ገፋ አድርገህ እንደምታዞረው ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። ጠዋት ጠዋት ዳቦ የምትወስደው፣ ማማ የምንላት ደንበኛችን ጭምብሏን አገጯ ላይ አውርዳ መጣች። ዳቦውን በፍርግርጉ ሳቀብላት ስልክህ ኪሴ ውስጥ ጠራ። ዝም አለ። እንደገና ጠራ።

«አንሳው እንጂ፣ ማይ ፍሬንድ» አለችኝ። «ወንድምህ ይሆናል።»

«እሱ አይደለም» አልኳት። ኪሴ ውስጥ እየከበደኝ እስኪቆም ድረስ ጠራ።

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ለሰሊማም እስኪነጋላት ድረስ ትንሽ እንቅልፍ ይስጣት።

ወንድምህ
ፈሪድ