ሰፊ ጣውላ በገለፈት ክምር ላይ

እሑድ፣ ጥር 4

መፈልፈያው ዛሬ አይሠራም። በአጋሮ መውጫ ያለው የቡና ገለፈት ክምር ከቤታችን ጣራ በልጧል። ደረቅ፣ ልል። ጥበቃው እንደ እሑድ ልማዱ በሩን ከፈተልን። ሁለቱን ጣውላ በከመነዳሪ እግሬ ላይ አስሬ ከጫፉ ወረድኩ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ሌሎቹ ልጆች ግማሽ ሳይደርሱ ሰመጡ። ይስመጡ። እኔም ሦስት ዓመት ሰምጬ ነው የተማርኩት።

ዳግማዊም ነበር፣ ያ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ምህንድስና የሚማረው። በአፍንጫው ተተክሎ ቀረ። ሳቅኩበት።

"አፊፋ፣ ጣውላው እኮ ጠባብ ነው" አለኝ።

"እግርህ ነው" አልኩት። በእንጨት ያሳብባል...

እሑድ፣ ጥር 18

ዳግማዊ አዲስ ጣውላ ይዞ መጣ። የኔን እጥፍ ይሰፋል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ተቆልምሟል። የበረዶ ስኪ በስልኩ አይቶ ነው የሠራው። ለስላሳ በረዶ እንዳይውጠው ሰፊ ያደርጉታል አለ። ማን ጠየቀው?

ለአክስቱ ልጅ ለሶሲ አሰረላት። ክምሩን አይታው የማታውቅ ልጅ። ከክምሩ ግማሽ ተነስታ ቆማ ወረደች። ገለፈቱ ላይ እየተንሳፈፈች። ሰው አጨበጨበ። ታዲያ የኔ ሦስት ዓመት ምን ነበር? ያንን ጣውላ ብሰብረው ደስታዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

የሱ ጣውላ ስኪ አይደለም። ትሪ ነው።

እሑድ፣ ጥር 25

ሁሉም ትሪ ሠርቶ መጣ። ሁሉም ይወርዳል። መታጠፍ የሚችል ግን የለም... ቀጥታ ወደ ታች፣ ከክምሩ ግርጌ ወዳለው የመጋዘን ግንብ። ዳግማዊ ተላተመ። ክንዱ ተሰበረ። ደስ አለኝ። ለማን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

ቤት ስገባ የራሴን ጣውላ አገላብጬ አየሁት። መሃሉ በሁለቱም ጠርዝ ተበልቶ ቀጥኗል። አዲስ እያለ አልታጠፍ ይለኝ ነበር። እግሬ የተማረ መስሎኝ... ለካ እንጨቱም ነው?

ልንገራቸው? አልነግራቸውም።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ሶሲ እሑድ ከጫፉ እወርዳለሁ ብላለች። ያ ግንብ ጥርሷን ያረግፈዋል። አልወዳትም። ግን ጥርሷ ምን አደረገኝ?

ላስተካክልልሽ ብዬ ጣውላዋን ተቀብዬ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ በርጩማ ከሚሠሩት አጎቴ ሀቢቡላህ ጋ ወሰድኩት።

"ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ይሄ የማን አልጋ ነው?"

"አቦ አይሳቁብኝ። ጫፍና ጫፉን አይንኩት፣ ወገቡን ብቻ ያቅጥኑልኝ።"

"ወገብ ያለው ጣውላ... ወላሂ፣ ዘንድሮ የማይታዘዝ ነገር የለም።"

መላጊያቸውን አነሱ። መሃሉን ከሁለቱም ጠርዝ ላጉልኝ።

እሑድ፣ የካቲት 2

ሶሲ ከጫፉ ወረደች። ግራ። ቀኝ። ግንቡ ጋ ሳትደርስ ታጠፈችና ቆመች። እኔን ስንት ዓመት የፈጀብኝን። በሁለተኛው ዙር ደግሞ መሃል ላይ ዞራ ወደ ኋላ ወረደች። ወደ ኋላ። አስቤው እንኳ አላውቅም። ቀናሁ።

"አትፈሪም?" አልኳት።

"ምኑን?"

ያሾፈችብኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። እዚህ ክምር ላይ ወድቃ አታውቅማ።

አውልቂው ብዬ ተቀበልኳት። አሰርኩት። ወጣሁ። እንደሷ ልዞር ስል ተዘረርኩ። ሶሲ እየሮጠች መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

"አፊፋዬ፣ ጉልበትሽን ታደርቂዋለሽ። ገና ሳትወርጂ የምትወድቂ ነው የሚመስልሽ።"

እውነቷን ነው። ሦስት ዓመት የተማርኩት እሱን ነው፣ መውደቅን።

እጇን ዘረጋችልኝ። አልያዝኩትም። ራሴ ተነሳሁና "እሺ፣ አሳዪኝ" አልኳት።