ጋስኬቱን ያስበላው ቀለም

ለምወድሽ እህቴ፣ ለሙሽሪት፣

እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? የእናታችን ጉልበት ተሻላት ወይስ ዛሬም "ደህና ነኝ" እያለች ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው? ትንሹ ወንድማችንስ ጠዋት መነሳት ለመደ? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ለሰርግሽ ፈቃድ እንደማገኝ ጽፌልሽ ነበር። አለቃዬም "ይችን የመንገደኛ ጀልባ ጨርስና ሂድ" ብሎኝ ነበር። ሥራው ቀላል ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የባሕር ውሃ በፓምፑ ክዳን ሥር ይፈስ ስለነበር ጋስኬቱን፣ ማለት በሁለቱ ብረቶች መሃል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ ቀየርኩት። ብሎኖቹን እኩል አጥብቄ፣ እጄን ታጥቤ፣ ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ጀልባዋ ግን ብዙም ሳትቆይ እያፈሰሰች ተመለሰች። ደግሜ ቀየርኩ፤ ደግማ አፈሰሰች። አለቃዬ በሰው ፊት "እጅህ ቀድሞህ ሰርግ ቤት ገብቷል መሰለኝ" አለኝ፤ ሁሉም ሳቁ። ቆሽቴ አረረ።

በመጨረሻ የክዳኑን ፊት በጣቴ ስዳብሰው ብል እንደበላው እንጨት ተቦርቡሯል። ይሄ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ከሞተሩ የሚያመልጠውን ኤሌክትሪክ የሚያስወጣው የግራውንድ ሽቦ ብረቱን በደንብ ካልነካ፣ ኤሌክትሪኩ በጨው ውሃው በኩል ይሄድና ብረቱን ይበላዋል፤ ከዚያ ምን ዓይነት ጋስኬት ብታስገቢ አይይዝም። ሽቦውን ብፈታው ከሥሩ ያማረ ነጭ ቀለም! ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። እስከ ብረቱ ድረስ ፍቄ አሰርኩት፤ ክዳኑንም ጋስኬቱንም በአዲስ ቀየርኩ።

በማግስቱ ብመጣ፣ ሁሉን ነገር ካላብለጨለጨ ስለማይተኛ "መስታወት" የምንለው ቀለም ቀቢያችን ሽቦውን ፈትቶ፣ የፋቅኩትን ቀብቶ፣ መልሶ አስሮልኛል። "ራቁቱን ትተኸው ሄድክ እኮ፣ እኔ ሸፈንኩልህ" አለኝ። ምስጋና እየጠበቀ ነው! የቀለም ቆርቆሮውን በእርግጫ መትቼ አንከባለልኩት። ለአለቃዬ ሁሉንም ባስረዳው "ቀለምን ከውሃ ማፍሰስ ምን አገናኘው?" ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። እንደገና ፍቄ አስሬያለሁ፤ አሁን አንድም ጠብታ የለም። እሱ ግን "ጀልባዋ ወሩን ሙሉ ሳታፈስ ስትሠራ ሳላይ አለቅህም" ብሏል። ሰርግሽ በመሃል ያልፋል።

እህቴ፣ ለእኔ ብለሽ ቀኑን አንድ ጊዜ አራዝመሻል፤ ዳግመኛ እንዳታደርጊው። በአባታችን ቦታ ቆሜ እጅሽን ይዤ የማወጣሽ እኔ ነበርኩ፤ አሁን አጎታችን ይዞሽ ይውጣ። ይሄን ስጽፍ እንዴት እንደተናደድኩ፣ እንዴትም እንዳፈርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እናታችንን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ በማታጠፋው ሬዲዮዋ ጩኸት መሃል ቢሆንም ደብዳቤውን ረጋ ብለሽ አንብቢላት። ትንሹን ወንድማችንን "እንግዳ እንድታስተናግድ አደራ ብሎሃል" በይው። ለአጎታችን እጅ ነስቻለሁ። ለሙሽራው ሰላምታዬ ይድረሰው፤ አማቹ በፎቶ ብቻ የሚታይ ሰው እንዳልሆነ ንገሪልኝ። አንቺ ግን በዚያን ቀን መኪና በቆመ ቁጥር ወደ በሩ እንዳታዪ። አልመጣም።

ወንድምሽ
ከጀልባ ጥገናው ግቢ
ግንቦት ፱