ሠላሳ አንድ እንግዶች ይዤ የወጣሁበት ጠዋት

ውድ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ። ስልክ ያልደወልኩት መሃል ላይ ያቋርጡኛል ብዬ ስለፈራሁ ነው። አይቀየሙኝ፤ ምክንያቱን እነግርዎታለሁ።

እርስዎ ከአስጎብኚነት ጡረታ ከወጡ ወዲህም እኔ ያው የአትክልት ስፍራው በር ላይ ትኬት ስቆርጥ ነበር። ስድስት ዓመት ሞላኝ። እንደኔ ላለች ተንተባታቢ የትኬት መስኮቷ ትመቻለች፤ "ስንት ሰው?" ካልኩ ሌላ አይጠበቅብኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ግን በእርስዎ ቦታ የተተካው አስጎብኚ ድምፁ ተዘግቶ ቀረ። ሠላሳ አንድ እንግዶች በሩ ላይ ቆመዋል። ኃላፊያችን "ይቅርታ ጠይቀን እንመልሳቸው" ሲል፣ "እ-እ-እኔ ላስጎብኛቸው" አልኩ። ከአፌ እንዴት እንዳመለጠኝ እስካሁን አላውቅም።

"አንቺ?"

"መንገዱን አ-አውቀዋለሁ።"

እንግዶቹን አየ፣ እኔን አየ። "በይ እንግዲህ፣ የመጣው ይምጣ" አለ።

አትክልቱ ቀለለኝ፤ አበባና ዛፍ ሳሳይ እጄ ያግዘኛል። ጉዱ የፈላው ፈረሰኛው ሐውልት ጋ ስንደርስ ነው። "ይህን ሐውልት የ-የ-የ..." ብዬ ቀረሁ። ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ከፊቴ የቆመ ጎልማሳ "ንጉሡ ነው ያሠራው?" አለኝ፤ ሊረዳኝ ፈልጎ።

አጎቴ፣ ያን ጊዜ በሰውዬው ውስጥ እርስዎን አየሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቃል ሲያንቀኝ ቀድመው ይጨርሱልኝ ነበር። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የጨረሱልኝ እኔ ልል ያሰብኩትን አልነበረም። "ልክ ነው" እያልኩ አልፈው ነበር፤ የራሴ ቃል ግን ውስጤ ይቀር ነበር።

ለሰውዬው "ልል የፈለግኩት ስለ ን-ንጉሡ አይደለም። ትንሽ ይጠብቁኝ" አልኩት። ጠበቀ። ሁሉም ጠበቁ። ከዚያ "የጠረቡት ሰባት ወንድማማቾች ናቸው። ስማቸው ከፈረሱ ሆድ ሥር ተቀርጿል፤ ጎንበስ ብላችሁ እዩ" ብዬ ጨረስኩ። ሠላሳ አንዱም ጎንበስ አሉ። ያን ቦታ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት።

የጉብኝቱ መጨረሻ የሆነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጉልላቱ ድምፄን መለሰልኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። መንተባተቤ አልጠፋም፤ እኔ ግን አላፈርኩበትም። የአንድ ሰዓቱ ጉብኝት ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ግን የለም። ስንሰነባበት አንዲት እናት እጄን ይዘው "ልጄ፣ ሌላው አስጎብኚ እንደ ጎርፍ ነው የሚያወርደው። ያንቺን ግን ቃል በቃል ይዤው ሄድኩ" አሉኝ።

ኃላፊው ከበሩ አጠገብ ይጠብቀኝ ነበር። "ከነገ ጀምሮ ትኬቱን ሌላ ሰው ይቆርጣል" አለና የአስጎብኚ ባጅ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ቤት እስክገባ አላወለቅኩትም፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ ቤት ገብቼም አላወለቅኩትም።

ወገብዎ ሲሻልዎ ይምጡ፤ ከፊት አቆምዎታለሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይወቁት፦ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቤት ደረጃ ሃምሳ ሁለት ነው እያሉ ሠላሳ ዓመት ሲያስጎበኙ ኖረዋል። ሃምሳ አራት ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ ለእንግዶቹም ተናግሬያለሁ።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ፣
አስጎብኚዋ