ከናዳው የወጣችው ዳማ

ይድረስ ለልጄ አባት፣

ከተለያየን ወዲህ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። ጤናህ እንዴት ነው? ደረትህስ በሞላሌ ብርድ አልባሰብህም? እኔም ሰብለወንጌልም እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ይህን ያስቀደምኩት የግሼን ናዳ ወሬ ሰምተህ ከሆነ እንዳትደነግጥ ነው። ልጅቷ ያን ቀን አክስቷ ዘንድ ነበረች።

ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ዘንቧል። ጎመን ልቀነጥስ ጓሮ ወጥቼ ከላይ የሚያጓራ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል የጋሽ ወንዳፈራሁ ማሳ ከነገብሱ፣ ከነባሕር ዛፉ ወደ ታች ሲሄድ አየሁት። እውነቴን ነው፤ ዛፎቹ እንደቆሙ ነበር የሚሄዱት። ጎመኑን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ጸጥ ሲል በረታችን የነበረበት ቦታ ጭቃ ብቻ ሆኗል። ሰው አልሞተም፤ ከብቱ ግን በዝናቡ ምክንያት ሳይሰማራ በየበረቱ ነበር።

ሰፈሩ በሙሉ ቁፋሮ ገባ። የጋሽ ወንዳፈራሁን ሁለት በሬዎች ሞተው አገኘናቸው። እሳቸው የአንዱን ዓይን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ “ልጄ፣ ገና እኮ ይሞቃል፤ ንኪው” ይሉኛል። ነካሁት። አይሞቅም ነበር። ይሞቃል አልኳቸው።

ዳማዋን ያገኘናት በማግስቱ ነው። አዎ፣ ያንተዋ ባዝራ፤ ንብረት ስንካፈል የተውክልኝ። የጣራው ግንድ ከላይዋ ተጋድሞ አተረፋት። ከአንገቷ በታች ተቀብራለች። በአካፋ እንዳንወጋት ጭቃውን በእጃችን ዛቅነው። ወጥታም መቆም አልቻለችም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ኮከቤ ናዳው መንገዱን ስለዘጋው በእግሯ ስትጓዝ ውላ ደረሰች። ቁስሏን በጨው ውሃ አጠበችላት፣ መርፌ ወጋቻት፣ እህል እንዳንሰጣት አስጠነቀቀችን። ድርቆሽ አንጥፈን ጎኗን እያገላበጥን ዋልን። ስምንት ሆነን ሆዷን በጆንያ ደግፈን ብናነሳት ቆማ ተመልሳ ወደቀች። ከሁሉ የባሰው ግን ውሃ እንኳ አልቀምስም ማለቷ ነው። ዓይኗ ተገልጧል፤ የሚያይ ግን አይመስልም። ኮከቤ ለብቻዬ ጠርታ፣ እስከ ነገ ካልጠጣች ተስፋ አታድርጊ አለችኝ።

እንግዲህ የምናዘዝልህ እዚህ ላይ ነው። በርኖስህን ላኪልኝ ብለህ ሰው ስትልክብኝ ሸጬዋለሁ ብዬ መልሼበት ነበር። አልሸጥኩትም። ብርድ ሲያንቀጠቅጣት ከሳጥን አውጥቼ አለበስኳት። አፍንጫዋን ወሽቃ አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው። ከዚያ ያን ዝግ ያለ ድምፅ አወጣች፤ አንተ ከገበያ ስትመለስ የምታሰማውን። ባልዲውን አስጠጋሁላት፤ ጠጣች። ከናዳው ጀምሮ አንዲት እንባ ያልወጣኝ ሴት ያኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ኮከቤ የማን ልብስ እንደሆነ ብትጠይቀኝ ባልዲውን አንስቼ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ።

አሁን ራሷን ችላ ትቆማለች፤ ድርቆሿንም ትበላለች። ጋሽ ወንዳፈራሁ በየጠዋቱ መጥተው እግሯን ያሹላታል፤ ቤት ውስጥ መቀመጥ እንዳስጠላቸው ነገሩኝ። እኔ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ ደጅ እወጣለሁ። ትናንት ሊጥ በእጄ እንደያዝኩ ሜዳው ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

የኋላ ግራ ሰኮናዋ ተሰንጥቆ መስተካከል ይፈልጋል። ኮከቤ ከዚህ በፊት ማን ያስተካክልላት እንደነበር ጠየቀችኝ፤ ስምህን ነገርኳት። አንተን ለማስቸገር አይደለም። ብቻ ከሰኞ ጀምሮ መኪና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይገባል፤ ሰብለወንጌልም ለእንቁጣጣሽ እዚሁ ናት።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፤ ደረትህን ያጽናልህ።

የልጅህ እናት