ሳሎኑን በክንድ የለኩት አከራዬ

ሐሙስ

ሳሎኑን በክንዳቸው ለኩት። እትዬ ዘነበች፣ አከራዬ። ኪራዩን በባንክ ስለምልክላቸው ብዙም አይመጡም፤ ዛሬ ሳይደውሉ ከች አሉ። ቧንቧው ያንጠባጥብ እንደሆነ ልይ ብለው ነው። ቧንቧው ያለው ማድቤት፤ እሳቸው ከሳሎኑ መስኮት እስከ ጥጉ በክንዳቸው ይለካሉ። ሳያቸው ደንገጥ አሉና «ቤቱን በደንብ ይዘሽዋል» አሉኝ። አከራይ ሲያመሰግነኝ ደስ አይለኝም።

ለእህቴ ለቤዛ ነገርኳት። «ሪላክስ በይ፣ መጋረጃ ሊገዙልን ይሆናል» አለች። መጋረጃ! አምፖል እንኳ ገዝተው የማያውቁ ሴትዮ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ዓርብ

ፋብሪካ የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ። ሐሳቤ እዚያ ክንድ ላይ ነው።

ከታች ፎቅ የነበሩትን ባልና ሚስት አከራያቸው «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» ብሎ አስወጣቸው። ልጁ እስከ ዛሬ በመንገድ ላይ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን እጥፍ የሚከፍል ሰው ገብቷል። እትዬ ዘነበች ልጅ የላቸውም። ምን ይሉኝ ይሆን?

ከሥራ ስወጣ መገናኛ ወርጄ አንድ ደላላ አናገርኩ። ሁለት መኝታ ስለው ሳቀ። ለሚ ኩራ ወስዶ ከአንድ ቪላ ጀርባ ያለች ክፍል አሳየኝ። አልጋ ከገባ በሩ አይከፈትም። ኪራይዋ አሁን ለሙሉ ቤት ከምከፍለው ይበልጣል። ውሃስ? ስለው «እሱ ችግር የለውም» አለ። ውሃ እንደሌለ ገባኝ።

ከወጣን ቤዛ ኮሌጇን ትታ ሐዋሳ እናታችን ጋ መመለሷ ነው። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ፣ ሌላው ቀላል ነው።

ቅዳሜ

ወረዳ ሄድኩ። ውላችን ተመዝግቧል፣ ጊዜውም አላለቀም። ዝም ብለው ሊያስወጡኝ አይችሉም። ደስ ብሎኝ ውሉን ኮፒ አስደረግኩ።

ከዚያ ለሰላምታ መስዬ ደወልኩላቸው፤ የውሉን ነገር ጣል አደረግኩ። «አውቃለሁ ልጄ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብመጣ ትኖሪያለሽ?» አሉ። ድምፃቸው ቅቤ ነው። ይምጡ፣ አልፈራም።

እሑድ

ኮፒውን እንዲያዩት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጠበቅኳቸው። ዞር ብለውም አላዩት።

ለካስ እሳቸውም ተከራይ ናቸው። ይህ ቤት በዕጣ ሲደርሳቸው የባንኩ ዕዳ ስለከበዳቸው አከራዩት፤ ራሳቸው ገርጂ፣ የሰው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ይዘው ይኖራሉ። አሁን ግቢው ተሸጠ። «ልቀቁ አሉኝ። የማየው ክፍል ሁሉ ከጡረታዬ በላይ ነው። ውልሽን አላፈርስም፣ ሳሎኑ ጥግ አልጋ ብዘረጋ ብዬ ነው። ኪራዩንም እቀንስልሻለሁ።»

በገዛ ቤታቸው እኔን ሲለምኑ አፈርኩ። ወረቀቱን ቀስ ብዬ አነሳሁ። ነገ እነግርዎታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ዛሬ ጥጉን ይዘው ነገ ሙሉውን ቢሉኝስ? የቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው። አብሮኝ የሚያድርን ሰው በምን ውል አስቆማለሁ? ግን የት ይሂዱ?

የፋብሪካ ሜትሬን ከቦርሳ አውጥቼ ጥጉን ለካሁት። አልጋ ይገባል። ቤዛ ከመኝታ ቤት ብቅ ብላ ምን እየለካሽ ነው አለችኝ።

«መጋረጃ» አልኳት።