በጋሼ ላሊሶ ሥጋ ቤት ጓሮ

ሐሙስ

አክስቴ ማርታ አገኘቻት። ሴትየዋ በሕይወት አለች። ያለችውም ቢጠና አይደለም፤ እዚሁ ሶዶ ናት፣ ከቤቴ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ።

ከሰዓት በኋላ ከምትኖርበት ከሻንቶ ደውላ ነው የነገረችኝ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሰማኋት።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ አለበለዚያ ራሴም አልረጋጋ። ሊና ከሆላንድ የመጣችው ባለፈው ሳምንት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አስጎብኚ ነኝና የጻፈችልኝ እንደ ማንኛውም እንግዳ ነበር፤ ሶዶን በእግር ማየት፣ የወላይታን ምግብ መቅመስ እፈልጋለሁ ብላ። በመጀመሪያው ቀን ገበያ ይዣት ስገባ ቅቤ ሻጮቹ እኔን ትተው እሷን በወላይትኛ ያናግሯት ጀመር። አንድም ቃል አልገባትም። ጎደሬውን፣ ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር፣ ቆጮውን ሳሳያት ዓይኗ እዚያ አልነበረም። የሴቶቹን ፊት ነበር አንድ በአንድ የምታየው። ጨርሰን ስንቀመጥ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። በሁለት ዓመቷ በማደጎ ተሰጥታለች። የእናት ስም ዳመነች። ቦታ፣ ቢጠና አካባቢ። ሌላ ነገር የለውም።

አክስቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናት፣ በዚያ በኩል የማታውቀው ቤት የለም። ፈልጊልኝ አልኳት። ይኸው።

ለሊና ገና አልነገርኳትም። መጀመሪያ ሴትየዋን ላናግራት።

ዓርብ

ሄድኩ። ዳመነች የጋሼ ላሊሶ ባለቤት ናት። ሥጋ ቤቱን በደጁ ሳልፍ አውቀዋለሁ፣ እንግዳ ይዤ ግን ገብቼበት አላውቅም። ዓርብ ስለሆነ ዝግ ነው። ጋሼ ላሊሶ ለነገ የሚታረድ በሬ ሊገዛ ቦዲቲ ሄዷል። እሷ ጓሮ ተንበርክካ ለነገው ጥሬ ሥጋ ማጥቀሻ የሚሆን ዳጣ ትፈጫለች።

ስንት ጊዜ ያጠናሁትን ንግግር ረሳሁት። «እትዬ ዳመነች፣ አንዲት ልጅ ትፈልግሻለች። ከሆላንድ ነው የመጣችው» አልኳት፣ እንዲያው ዱብ አድርጌ።

መፍጨቷን አላቆመችም። ትንሽ ቆይታ አቆመች። ማን ናት አላለችም፤ ስሟንም አልጠየቀችኝም።

«ቆማ ትሄዳለች?» አለች።

አልገባኝም ነበር፤ ራሷ አስረዳችኝ። ስትሰጣት ልጅቷ በሽተኛ ነበረች፣ በሁለት ዓመቷ እንኳ መቆም አልቻለችም። አባቷ ሞቷል። ልጆች የሚወስዱት ሰዎች ትታከማለች፣ ትማራለች፣ ትመለሳለች አሏት።

«ትሄዳለች» አልኳት። «ከተማውን በእግሯ እያዞርኳት ነው።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ የነገረችኝን እስካሁን አልዋጥኩትም። ጋሼ ላሊሶ የመጀመሪያ ባሏ እንደሞተ ያውቃል። ልጅ እንደወለደች አያውቅም። አብረው አሥራ ስድስት ዓመት ሆናቸው፣ ልጅ አላገኙም። «ሰው መካን ይለኛል። ይበለኝ» አለች። «ወልጄ እንደነበር ካወቀ ግን ችግሩ ከእሱ መሆኑን ያውቃል። በሬ የሚጥል ሰው ነው። ይኼን ግን አይችለውም።»

ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ነገ ከእንግዶችሽ ጋር አምጪያት። ሥጋ ሊበላ እንደመጣ ሰው። ልያት ብቻ። ከዚህ ከወጣች በኋላ ንገሪያት። ቀድመሽ ከነገርሻት ታለቅሳለች፣ እሱም ያውቃል።»

እሺ አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት? ሊና ብትነቃስ? ዳመነች ራሷን መቆጣጠር ቢያቅታትስ? ጋሼ ላሊሶ ቢቆጣስ? ሊና ከዚያ በኋላ ፊቴን ማየት ትፈልጋለች?

ቅዳሜ

አለፈ። 

ከሊና ጋር አምስት ነበሩ። አራቱ ከአዲስ አበባ የመጡ የባንክ ሠራተኞች፣ ሳቂታዎች። ከመናኸሪያው ተነስተን ሽቅብ ወጣን። አባያ ሐይቅ የሚታይበት ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ የምለውን ሁሉ ረሳሁትና «ያውና አባያ» ብቻ ብዬ አለፍኩ። የወላይታን ምግብ፣ ሙጩዋና ባጭራ ቀመሱ። 

ጋሼ ላሊሶ ነጭ ጋወኑን ለብሶ በር ላይ ተቀበለን። ትልቅ ሰውዬ፣ ትልቅ ድምፅ። «ወላይታ መጥቶ ጥሬ ሳይበላ የሚሄድ የለም!» አለ። ሊናን ሲያይ ቢላዋውን ወደ ላይ እንደያዘ ቆመ። «ይቺ የእኛው ልጅ ናት እኮ! የማን ናት?»

«ውጭ ነው ያደገችው» አልኩ። 

ዳመነች ዳጣ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ ወጣች። ሰላም ስትለን ሊናን ቀና ብላ አላየቻትም። መጀመሪያ እግሯን አየች። እንዴት እንደሚፈጭ ላሳያችሁ ብላ ሁላችንንም ጓሮ ወሰደችን። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም። ሊና እኔም ልሞክር አለች። ዳመነች ከኋላዋ ተንበርክካ እጆቿን በእጆቿ ላይ አደረገችና አብረው መፍጨት ጀመሩ።

በወላይትኛ እንደ ዋዛ እያስመሰለች ትጠይቀኛለች። «በደንብ ትበያለሽ ወይ በያት። ያሳደጉሽ ሰዎች ይወዱሻል ወይ በያት።» እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ሊና ገርሟት «ለምንድን ነው ይኼን የምትጠይቀኝ?» አለች። «የእኛ ሰው እንዲህ ነው፣ ይጠይቃል» አልኳት። በአስጎብኚነት ዘመኔ እንግዳ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ሊና ደህና እበላለሁ አለች። ይወዱኛል አለች። ለዳመነች ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች፣ መፍጨቷን ቀጠለች።

ጋሼ ላሊሶ የጓሮው በር ላይ ቆሟል። «ዳመነች፣ ልጅቷን ልቀቂያትና ትብላ እንጂ» አለ እየሳቀ። አለቀቀቻትም። ዳጣው ልሞ አልቆ እንኳ አለቀቀቻትም። እሱ እሷን አየ፣ ሊናን አየ፣ ከዚያ ሳቁን ትቶ ወደ ሥጋው ተመለሰ።

ዳመነች ጥሬውን በዳጣ ነክራ አጎረሰቻት። ሊና አቃጠላት፣ ሳለች፣ ሳቀች፣ ድገሚኝ አለች። ከዚያ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ሁላችንም ታጠብን፣ ወጣን።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ቀጥታ ሆቴሏ ሄድኩና ነገርኳት።

የተቆጣች አልመሰለችም መጀመሪያ። እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። «ታጠብኩት እኮ» አለች። «እጄን ታጠብኩት።»

ቁጣው ከዚያ መጣ። ከእኔ በቀር ሁላችሁም ታውቁ ነበር ማለት ነው? አለችኝ። ቅዳሜ እዚያ ከነበርነው ሁለታችን ብቻ፣ እኔና እናትሽ አልኳት። ስለ ጋሼ ላሊሶም ነገርኳት፣ ዳመነች ምን እንደፈራች ሳልደብቅ። «ከተማውን በሙሉ አሳይተሽኝ አንዱን ነገር ደበቅሽኝ» አለችኝና ክፍሏ ገባች። ሆቴሉ ግቢ ውስጥ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። አልወጣችም።

ልክ ናት። ግን ዓርብ ብነግራት ኖሮስ? 

ሰኞ

ሊና ስልክ አታነሳም። የነገውን ጉብኝት ሰርዣለሁ፣ አሞኛል ብዬ። ውሸትም አይደለም።

ከሰዓት ዳመነች ከጎረቤት ስልክ ደወለች።

«ነገርሻት?»

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«እጄን ታጠብኩት አለች።»

 ቀጥሎ የሰማሁት ሳቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አቃተኝ። ከመዝጋቷ በፊት፣ ጋሼ ላሊሶ ከቅዳሜ ወዲህ ከእሷ ጋር ቃል እንዳልተነጋገረ ነገረችኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት ሊና ራሷ ቤቴ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ደብተር ላይ ሦስት ጥያቄ ጽፋለች። አባቴ ስሙ ማን ነበር? ምን አሞኝ ነበር? ሦስተኛው ለምን ሰጠሽኝ የሚል ነበር፣ ሰርዛዋለች። መልሳ ስትጽፈው አየኋት፣ መልሳ ስትሰርዘውም።

እያወራን ሳለ ጋሼ ላሊሶ ደወለ። ያ ትልቅ ድምፅ የለም። «ነገ ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው። ልጅቷን አምጪያት። ሌላ ሰው እንዳታመጪ» አለና ዘጋው።

አክስቴ ማርታ ጋ ደውዬ ምን ላድርግ አልኳት። «ሰው የሚያስፈራውን ነገር በስልክ አያውቀውም፣ ሂዱ» አለችኝ። እሷ እንዲህ ናት። እኔ ባትሄጂስ ብዬ ሊናን ጠየቅኳት። ቅዳሜ ወደ አገሯ ተመላሽ ናት። «አልሄድም ብዬ አውሮፕላን ላይ ምን ላስብ ነው?» አለች።

ረቡዕ

ጋሼ ላሊሶ በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጋወኑን አልለበሰም፤ ያለ እሱ ያነሰ መሰለኝ። አልተነሳም።

«እሷ ናት?» አለኝ።

«እሷ ናት፣ ጋሼ።»

«ዳመነችን እኔ ነኝ የጠየቅኳት። ትናንት ነገረችኝ።» ሊናን ረጅም ጊዜ አያት። «ከአንቺ ጋር ምንም ጥል የለኝም በያት። ውስጥ ናት፣ ትግባ።»

አስተረጎምኩላት። ሊና ገባች። እኔም ለማስተርጎም ልከተላት ስነሳ ክንዴን ያዘኝ። «ተያቸው» አለ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

መንገዱን እያየ ነው የተናገረው። «አሥራ ስድስት ዓመት ሰው መካን ሲላት ሰማሁ። እናቴም ብላታለች፣ እኔ ፊት። አንድ ቀን ተዉአት አላልኩም። ስትፈጭ ስታለቅስ አያትና ምን ሆነሽ ስላት ቃሪያው ነው ትለኛለች። አምኛት እወጣለሁ።» እጁን ጉልበቱ ላይ አሸው። «ለእኔ ብላ ነው ለካ።»

አግዳሚው ላይ ወደ እሱ ጠጋ አልኩ። 

 ከውስጥ የዳመነች ድምፅ መጣ፣ በወላይትኛ፣ በፍጥነት። የሊናም መጣ፣ በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዴ ደግሞ እኔም በማላውቀው በሆላንድኛ። አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ ትጀምራለች።

ጋሼ ላሊሶ ወደ እኔ ዞረ። «ምን እየተባባሉ ነው?»

ጆሮዬን ጣል አድርጌ አዳመጥኩ። እናትየዋ የምትለው ይገባኛል፣ ሊና የምትለውም አብዛኛው ይገባኛል። እርስ በርሳቸው ምን እንደተግባቡ ግን አላወቅኩም።

«እንጃ፣ ጋሼ» አልኩት።

እስክንወጣ ድረስ አንድ ጊዜም አልጠሩኝም።