ጊታሮቹ የሚቃኙባት ድምፅ

ውድ ባለቤቴ ደምሴ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ በቅድሚያ ጤንነት ይጠየቃል ብለው ነው ሚሲዮኖቹ ያስተማሩኝ። አንተን ግን እንደምን አለህ ማለት አልችልም፤ ደህና ነኝ ብዬም አልዋሽህም። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። ደህና አይደለሁም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጣሪያው ያፈስ የነበረበትን ልጃችን አስጠግኖታል። በአልጋው በአንተ በኩል መጻሕፍት ደርድሬበታለሁ፤ ባዶውን ማየት አልቻልኩም። ብዕር ያነሳሁት ግን ለቤቱ ነገር አይደለም። መርዶ ማለሳለስ ስለማላውቅ እንዲሁ ልንገርህ፤ የሙዚቃ ክፍልህን ወሰዱት።

ካንተ በኋላ ክፍሉን ማን ይያዘው ሲባል እኔ አልኩ። ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ዘመን አልፏል፣ ጣቶቼም ተቆልምመዋል፤ ቢሆንም በግቢው ኖታ የሚያነብ ሌላ ሰው አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ ፈቀዱ፤ ልጆቹ በወላጆች ቀን አንድ ነገር ካላቀረቡ ግን ክፍሉ ለኮምፒዩተር እንደሚሆን አስቀድመው ነገሩኝ። እኔም በዚህ ተስማማሁ።

ትዝ ይልሃል፣ ጠዋት በሩ ላይ ቆመህ «ላ» የምትባለውን ኖታ በድምፅህ ትል ነበር፤ ልጆቹ ሁሉ ጊታራቸውን በዚያች ድምፅህ ይቃኙ ነበር። እኔ በእጄ ጀርባ ላይ ሳንቲም ተቀምጦ፣ ሳንቲሙ በወደቀ ቁጥር በማስመሪያ እየተመታሁ ኦርጋን የተማርኩ ሰው፣ በጉሮሮ ጊታር ይቃኛል ወይ ብዬ ሳቅሁብህ። በሚሲዮኑ ኦርጋን ፈተንኩህ። አንተ «ላ» አልክ፣ እኔ ቁልፉን ተጫንኩ፤ አንድ ነበሩ። ጉንፋን ይዞህ ሳለ እንደገና ፈተንኩህ፤ ያኔም አንድ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ማስመሪያዬን ይዤ የሰሌዳህን ጠማማ የኖታ መስመሮች ላቀና በገባሁ ቁጥር «ኢንስፔክተር መጣች፣ ቀጥ በሉ!» እያልክ ልጆቹን ታስቅብኝ ነበር። ተቆጥቼ እወጣና በረንዳው ላይ እስቅ ነበር። ይህን ነግሬህ አላውቅም።

ፒያኖው አንድ ስለነበር ተራ የሚጠብቁት በየዴስካቸው ላይ በጠመኔ በሣልክላቸው ቁልፎች ጣታቸውን ያለማምዱ ነበር። ድምፅ የሌለው ፒያኖ ሲመቱ አይቼ አብደዋል ብዬ ነበር። ምስጥ እንዳይወጣበት የፒያኖውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት በተሞሉ ጣሳዎች ውስጥ ያቆምካቸውም አንተ ነህ። ዘይቱን እኔም ሳላጎድል እሞላ ነበር።

አንተ ስትሄድ ግን «ላ» የሚል ጠፋ። ፒያኖው በጂንካ ዝናብ ድምፁ ወርዷል፤ ኦርጋኑም ሚሲዮኖቹ ሲሄዱ አብሮ ከሄደ ቆይቷል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ድምፅህን በጆሮዬ ውስጥ እየፈለግሁ እኔው እል ጀመር። መጀመሪያ ላይ ልክ ነበርኩ። በኋላ እየተንሸራተተችብኝ መጣች።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ ታሪኩ፣ ያ ጊታሩን እንደ ጠቦት አቅፎ የሚይዘው የዲመካ ልጅ፣ ከቸርች ኪቦርድ ተውሶ በባጃጅ አመጣ። በቅንነት ነው ያመጣው። የቸርቻችንን ልጆች ታውቃቸዋለህ፤ መዝሙሩን ሁሉ በለመዷቸው ቁልፎች ብቻ ይመቱና ዘማሪው ከፍ ሲል የኪቦርዱን ድምፅ ሁሉ በአንድ መጫኛ ከፍ ያደርጉታል። ያን ሰሞንም እንደዚያው ከፍ አድርገውት ወደ ቦታው ሳይመልሱት ቀርተዋል። ታሪኩ ይህን አላየም። ልጆቹ በኪቦርዱ «ላ» ክሮቹን ይወጥሩ ጀመር።

ከፍ አለ፣ ከፍ አለ አልኩ። ታሪኩ በትሕትና «ቲቸር፣ ማሽን እኮ አይሳሳትም» አለኝ። ዘወትር የምለውን «ቲቸር አትበሉኝ፣ መምህርት በሉኝ» ማለቱን እንኳ ረሳሁት። የደምሴ «ላ» ይቺ ናት ብዬ ላሳያቸው አፌን ከፈትኩ፤ ከአፌ የወጣችው ግን የማሽኑ ናት። ወዲያው አንዱ ክር ተበጠሰ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ በየጊታሩ፤ የመጀመሪያው ጊታርህ ክር ማሰሪያ ደግሞ ከነእንጨቱ ተገንጥሎ ተነሳ። ታሪኩ ጊታሩን አቅፎ አለቀሰ።

ክር ፍለጋ ያልገባሁበት ሱቅ የለም። አንዱ ባለሱቅ «እማማ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር ልስጥዎት?» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም። ከአዲስ አበባ የሚላከውም ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰው።

በወላጆች ቀን የእኛ ልጆች ባዶ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። በርዕሰ መምህሩ አልፈርድም፤ ያሉትን ነው ያደረጉት። ሰኞ ዴስኮቹ ጠመኔያቸው ተጠርጎ ወደ ሌላ ክፍል ተወሰዱ፣ ፒያኖውም በረንዳ ወጣ። የተሸከሙት ሰዎች ጣሳዎቹን ውስጥ ትተዋቸው ነበር። በነጋታው ጠይቄ ተቀብዬ፣ ዘይት ሞልቼ ስደርስ ምስጡ ቀድሞኝ በአንዱ እግር ላይ አፈሩን እየገነባ ወጥቷል።

ደምሴ፣ ክፍል ክፍል ነው። ክርም ይመጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ፊትህ በፎቶ አለ፣ ጠማማው ጽሕፈትህም አለ፤ ድምፅህ ግን የለም። የልጆቹን ስልክ አንድ በአንድ አስከፈትኩ፤ አንተን የቀረጸ አንድም አልተገኘም። ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው የቸርቹ ኪቦርድ ድምፅ ናት። አንተን ስጠራ እሷ ትመጣለች። እንዲህ ሆኜ ባሌ ዳግመኛ የሞተብኝ ያህል ነው።

የማልችለውን ቃል እንዳልገባ ነው ያስተማሩኝ፤ ድምፅህን አልረሳም አልልህም። የምችለውን ግን ቃል እገባለሁ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ከፒያኖህ አጠገብ ቆሜ፣ ጣሳዎቹን ሞልቼ፣ አንዴ «ላ» እላለሁ። የሚያልፉት ልጆች ይሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላውን ሳርም ኖሬ አሁን እኔን የሚያርመኝ አንድ ሰው የለም። ብሳሳትም እላታለሁ። ስንገናኝ ከፍ አለች ወይ ዝቅ አለች ብለህ ታርምልኛለህ።

ኢንስፔክተርህ
አስቴር